ራሱን የሚመራ ሠራተኛ ሒሳቡን ለማን ያቀርባል?

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ስለ ራስ መግዛት የሚነገረው ነገር ግራ የሚያጋባ መሆኑን በሶቅራጥስ አንደበት ያነሣል፤ ራሱን የገዛ ሰው ገዥውም ተገዥውም ያው እሱ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ጌታም ሎሌም መሆን አይቀርለትምና። ፈላስፋው ለዚህ እንቆቅልሽ የሰጠው መልስ፣ የሰው ነፍስ የላቀና ያነሰ ክፍል እንዳላትና የላቀው ክፍል ማለትም አእምሮ ያነሰውን ማለትም ምኞትን ሲያስተዳድር ሰውዬው ራሱን ገዛ እንደሚባል የሚያስረዳ ነው። መልሱ ከእርሱ በኋላ የመጡትን ፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን ለብዙ መቶ ዓመታት ቢያገለግልም አንድ ነገር ሳይፈታ አልፏል፤ ገዥ የሆነው የነፍስ ክፍል ዓላማውን የሚቀበለው ከማን ነው? ጥያቄው ከገዳምና ከፍልስፍና ጉባኤ ወጥቶ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ሲዛወር ይህም ያልተፈታ ክፍል አብሮ ተዛውሯል። ራሳቸውን የሚመሩ ሠራተኞች ከሌሎች ይልቅ አዲስ ሥራ ለመጀመርና አዲስ ሐሳብ ለማፍለቅ ይደፍራሉ ወይ፣ ይህስ በየባህሉ እኩል ይሠራል ወይ ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር ክርክሩን የሚያወሳስበው ይኸው ነው።

በሥራ አመራር ጥናት ውስጥ ራስን መምራት የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ቻርልስ ማንዝ ሲሆን፣ በጉዳዩ ላይ በ1983 መጽሐፍ፣ በ1986 ደግሞ ንድፈ ሐሳቡን በሰፊው የሚያብራራ ጥናታዊ ጽሑፍ አሳትሟል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከእርሱ ቀደም ብለው ስቲቨን ከርና ጆን ጀርሚየር በ1978 ባወጡት ጽሑፍ የሠራተኛው የሙያ ብቃት፣ የሥራው ግልጽነትና የባልደረቦች መተሳሰር የአለቃን ቦታ ሊተኩ እንደሚችሉ ተከራክረው ነበር፤ ማንዝ ደግሞ ሰው በገዛ ራሱ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በራሱ አንድ የአመራር ዓይነት ነው እስከ ማለት ሄደ። ከዚህ ጋር ያስቀመጠው አንድ ልዩነት በኋላ በመጡት አሠልጣኞች ዘንድ በአብዛኛው ተዘንግቷል። ሌላ ሰው ያወጣውን ግብ ያለ ተቆጣጣሪ በራስ ጥረት ማሳካት «ራስን ማስተዳደር» ሲሆን፣ ራስን መምራት ግን ሥራው እንዴት ይሠራ ከሚለው አልፎ ምን ይሠራ፣ ለምንስ ይሠራ የሚለውንም ይጨምራል።

ንድፈ ሐሳቡ ሰው ራሱን የሚመራባቸውን ዘዴዎች በሦስት ይከፍላቸዋል። አንደኛው ጠባይን የሚመለከት ነው፤ የራስን ድርጊት መከታተል፣ ግብ ማውጣት፣ ሲሳካ ራስን መሸለም፣ ሲበላሽ ራስን መገሠጽ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው የተፈጥሮ ሽልማት የሚባለው ሲሆን፣ ሥራውን አንዳች የውጭ ዋጋ ሳይጠበቅበት በራሱ የሚያስደስት እንዲሆን አድርጎ ማደራጀት ወይም በሥራው ውስጥ ያለውን የሚያስደስት ነገር ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው። ሦስተኛው የሐሳብ ልማድን የሚያርም ነው፤ ሰው በውስጡ ከራሱ ጋር የሚያደርገውን ንግግር መርምሮ፣ ያለ ማስረጃ «አይሆንልኝም» የሚለውን ፍርድ እንዲያስተካክል ይመክራል። ይህ የመጨረሻው አልበርት ባንዱራ በ1977 ካቀረበው በራስ ብቃት ማመን ከሚባለው ሐሳብ ጋር በቅርብ ይዛመዳል።

የመጀመሪያው ዘዴ ዕድሜ ከማንዝ እጅግ ይበልጣል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በግለ ታሪኩ ውስጥ እንደ ገለጸው በወጣትነቱ 13 የምግባር ዓይነቶችን መርጦ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ የመደበበት ትንሽ ደብተር አዘጋጀ፤ ገጹን በቀይ ቀለም አስምሮ ለሰባቱ ዕለታት ሰባት ዓምድ፣ ለ13ቱ ምግባራት 13 ረድፍ ሠራበት፤ ማታ ማታ ቀኑን ሲመረምር ጥፋት ባገኘበት ሳጥን ውስጥ ጥቁር ነጥብ ያኖር ነበር። ለአንድ ምግባር አንድ ሳምንት ስለሚሰጠው ዙሩ በ13 ሳምንት ተጠናቅቆ በዓመት አራት ጊዜ ይደገማል። ትሕትና የሚለው ምግባር በዝርዝሩ ላይ የተጨመረው አንድ የክዌከር ሃይማኖት ተከታይ ወዳጁ ትዕቢተኛ መሆኑን ስለነገረው ነው፤ ይህም ራስን መመልከት ብቻውን እስከ የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ነገር ነው፤ አሥራ ሦስት ረድፍ ያሰመረው ዐይን ያላየውን ሌላ ሰው አየለት። ማክስ ቬበር ስለ ፕሮቴስታንት ምግባርና ስለ ካፒታሊዝም መንፈስ ከ1904 እስከ 1905 ባወጣው ድርሰቱ ይህን ፍራንክሊንን ዋና ምሳሌ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ገዳማዊው ራስን የመመርመር ልማድ ከበዓቱ ወጥቶ ገበያ ውስጥ ሲገባ የሚታየው በዚያ ደብተር ላይ ነውና።

ነገር ግን ከፍራንክሊን ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በሌላ ባህልና በሌላ ሃይማኖት፣ ጉዞው በተቃራኒ አቅጣጫ ተደርጎ ነበር። በ1095 ከባግዳድ የኒዛሚያ ትምህርት ቤት መምህርነቱን ትቶ የወጣውና በ1111 ያረፈው አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ታላቅ ሥራው ውስጥ ስለ ነፍስ ምርመራ የጻፈው መጽሐፍ የተዋቀረው በንግድ ሽርክና አምሳል ነው። አእምሮ ነጋዴው፣ ነፍስ ሸሪኩ፣ የቀረው ዕድሜ ደግሞ ዋና ገንዘቡ ነው። ነጋዴ ለሸሪኩ ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት ውል እንደሚዋዋል ሁሉ ሰውም ከንጋት ሶላት በኋላ ከነፍሱ ጋር በቀኑ ሥራ ላይ ይዋዋላል፤ ቀኑን ሙሉ ይከታተላታል፤ ሲመሽ ትርፍና ኪሳራውን ይተሳሰባታል፤ ካጠፋች ይቀጣታል፤ ከሰነፈች በትጋት ያስገድዳታል፤ በመጨረሻም ይወቅሳታል። ማንዝ በጠባይ ዘዴ ውስጥ የጠቀሳቸው ግብ ማውጣት፣ መከታተል፣ መመዘንና መገሠጽ ሁሉ በእነዚህ ስድስት ደረጃዎች ውስጥ በሙሉ አካላቸው ይገኛሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሒሳቡ የሚቀርብበት ቦታ ነው። አል-ገዛሊ የገበያን መዝገብ የተዋሰው ነፍስን ለማዳን ሲሆን፣ ነፍስ ለአእምሮ፣ አእምሮም ራሱ ለፈጣሪው ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ የሚመረመረው ሰው ሥራው አተረፈም ከሰረም ከንግዱ በላይ የሆነ መለኪያ አለው። የዘመኑ የሥራ አመራር ትምህርት ደግሞ የነፍስን መዝገብ ተውሶ ለምርት ጥቅም አውሎታል፤ ሠራተኛው ጠዋት ከራሱ ጋር ይዋዋል፣ ማታም ራሱን ይመርምር ይባላል፣ ነገር ግን የውሉን ዓላማ አስቀድሞ የጻፈው ድርጅቱ ነው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው የሚሠራው ማንዝ ራስን ማስተዳደር ያለውን ነው፤ የሚሰጠው ስም ግን ራስን መምራት የሚለው ትልቁ ስም ነው። በዚህ ድርሰት እንደሚታየው ራስን መምራት ሥራ ፈጣሪነትንና አዲስ ሐሳብን ያፈራል ወይስ አያፈራም የሚለው ክርክር የሚፈታው በዚህ ነጥብ ነው፤ ባህሎች የሚለያዩትም ራስን በመምራት ብዛትና ማነስ ሳይሆን፣ ዓላማውን ከግለሰቡ ጋር የሚጋራው ማን እንደሆነ በመወሰን ነው።

ሥራ ፈጣሪነት በዚህ አነጋገር ሱቅ ከመክፈት ይሰፋል። ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሹምፔተር በ1911 ባሳተመው የኢኮኖሚ ዕድገት ንድፈ ሐሳቡ ሥራ ፈጣሪ ብሎ የጠራው ያሉትን ነገሮች ከዚህ ቀደም ባልተሞከረ መንገድ የሚያጣምረውን ሰው ነው፤ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ አሠራር፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ ወይም አዲስ አደረጃጀት የሚያመጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተቀጣሪም ሊሆን ይችላል። ሹምፔተር ለዚህ ሰው ከቆጠራቸው ምክንያቶች መካከል የመፍጠር ደስታ አንዱ መሆኑ ሊጤን ይገባል፤ በገንዘብ ብቻ የሚገለጽ ሰው አላደረገውም።

እዚህ ላይ ከራስ ቁጥጥር ጋር አንድ ግጭት ይነሣል። ቁጥጥር የሚቻለው መድረሻው ሲታወቅ ነው፤ ፍራንክሊን ጥቁር ነጥብ ማኖር የቻለው ጥፋት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ስላወቀ ነው። አዲስ ነገር የሚፈጥር ሰው ግን መድረሻውን እስኪደርስበት አያውቀውም፤ ስለዚህ ራሱን አጥብቆ የሚቆጣጠር ሠራተኛ ሰዓት አክባሪ፣ ታማኝና የማይሳሳት ሆኖ ሳለ አንድም አዲስ ሐሳብ ሳይወጣው ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ቴሬዛ አማቢሌ በ1985 ያወጣችው ሙከራ ጉዳዩን በቅርብ ያሳያል። በቦስተን አካባቢ የሚገኙ 72 የሥነ ጽሑፍ ሰዎች እንዲካፈሉ ተደርጎ ሃይኩ የሚባለውን አጭር የጃፓን ግጥም ጻፉ፤ ከዚያ ከፊሎቹ ለመጻፍ የሚያነሣሷቸውን ውስጣዊ ምክንያቶች፣ ማለትም የመጻፍን ደስታና ራስን የመግለጽን ዕድል፣ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ እንደ ዝናና ገቢ ያሉ ውጫዊ ምክንያቶችን እንዲያስቀምጡ ተጠየቁ፤ ከፊሎቹ ምንም አልተጠየቁም። ቀጥሎ በጻፉት ሃይኩ ስለ ውጫዊው ምክንያት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንዲያስቡ የተደረጉት ሰዎች ሥራ ከሌሎቹ አንሶ ተገኘ። ደመወዝ አልተቀነሰባቸውም፣ የተቆጣቸውም የለም፤ የተለወጠው ሥራቸውን ለማን እንደሚያደርጉት ያሰቡት ሐሳብ ነው። ከዚህ በመነሣት ከሦስቱ ዘዴዎች ለፈጠራ የሚቀርበው ሁለተኛው፣ ማለትም ከሥራው ራሱ ደስታን የማግኘት ዘዴ ነው ማለት ይቻላል፤ የጠባይ ዘዴው ደግሞ የተገኘውን ሐሳብ ከዳር ለማድረስ ይጠቅማል። ትሩዲ ዲሊዬሎና ጄፍሪ ሆተን የመፍጠር አቅምንና በተግባር የሚታይ ፈጠራን ለያይተው ያጠኑት ስለዚህ ነው፤ አቅሙ በሰው ውስጥ እያለ ድርጅቱ ካልደገፈው ሳይወጣ ይቀራል።

ባህል ሲጨመርበት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሆላንዳዊው ኸርት ሆፍስቴድ በአይቢኤም ኩባንያ ሠራተኞች መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ በ1980 ባወጣው መጽሐፍ አገሮችን በግለኝነትና በጋራነት፣ እንዲሁም ሥልጣንን በመቀበል መጠን ከለካ ወዲህ፣ ራስን መምራት የግለኛ ባህል ሀብት ነው፣ ለእስያና ለአፍሪካ ባዕድ ነው የሚል ግምት በብዙ ጽሑፎች ውስጥ ሥር ሰድዷል። የግለኛው ሰው ራሱን ከሌሎች የተለየ አድርጎ ሲያይ፣ በጋራነት ባህል ያደገው ሰው ደግሞ ራሱን ከቤተሰቡና ከወገኑ ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ እንደሚያይ ሄዘል ማርከስና ሺኖቡ ኪታያማ በ1991 በጥልቀት አብራርተዋል። ግምቱን የሚያናጋው ግን ከዚሁ ሐሳብ የተነሣ አንድ ጥናት ነው።

ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር በ1999 ያሳተሙት ይህ ጥናት የተካሄደው በሳን ፍራንሲስኮ ከ7 እስከ 9 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ ነበር፤ ከፊሎቹ ከአውሮፓ የዘር ሐረግ የመጡ አሜሪካውያን፣ ከፊሎቹ ደግሞ በቤታቸው የወላጆቻቸውን ቋንቋ የሚናገሩ የቻይናና የጃፓን ተወላጆች ልጆች ናቸው። ፊደላቸው ከተዘበራረቀ ቃላት ትክክለኛውን ቃል የማግኘት ጨዋታ በስድስት ዓይነት ቀርቦላቸው አንደኛው ቡድን ራሱ እንዲመርጥ ሲደረግ፣ ለሁለተኛው አጥኚዋ መረጠችለት፣ ለሦስተኛው ደግሞ እናትህ የመረጠችልህ ይህን ነው ተባለ። አውሮፓውያን ዘር ያላቸው ልጆች ይበልጥ የተሳካላቸውና በትርፍ ጊዜያቸውም በጨዋታው የቀጠሉት ራሳቸው ሲመርጡ ነው። የእስያ ተወላጆቹ ግን ራሳቸው ሲመርጡም ጥሩ ሠርተው፣ ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያገኙት እናት መረጠች ሲባሉ ነው፤ የማያውቁት ሰው ሲመርጥላቸው እነርሱም እንደ ሌሎቹ ቀዘቀዙ። ይህ ውጤት የእስያ ልጅ ትእዛዝ ይወዳል ማለት እንዳልሆነ ከመጨረሻው ክፍል ይታያል፤ ትእዛዝ የሚወድ ቢሆን የአጥኚዋም ትእዛዝ በተስማማው ነበር። እናት የመረጠችው ልጁ የኔ ብሎ በሚጠራው ነገር ውስጥ ገብቶ ይቆጠራል፤ የባዕዱ ምርጫ አይቆጠርም።

ስለዚህም ሆተንና ክሪስቶፈር ኔክ በ2002 አሻሽለው ያቀረቡት የራስ አመራር መጠይቅ በቻይና ሲሞከር፣ ኒውበርትና ዉ በ2006 እንደ ዘገቡት፣ ከፊሉ ብቻ መጽናቱ የሚያስደንቅ አይደለም። መለኪያው የተሠራው ዓላማውን ብቻውን ተቀምጦ ለሚያወጣ ሰው ነው። በኮንፊውሽየስ ትምህርት ራስን ማረም የቤተሰብና የመንግሥት ሥርዓት መሠረት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ራስን መግዛት ለቻይና እንግዳ ነው ብሎ መደምደም ታሪክን ማጣመም ነው።

የጋራነት ባህል ፈጠራን ያደርቃል የሚለውን ፍርድ ለመፈተን ከኢትዮጵያ ቅኔ ቤት የተሻለ መፈተኛ በቀላሉ አይገኝም። የቅኔ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ቤት ሳያስፈቅድ ወጥቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶና ቁራሽ ለምኖ እያደረ፣ ዋድላ፣ ጎንጅ ወይም ዋሸራ የሚባለውን የቅኔ ስልት ከሚያስተምር መምህር ዘንድ ይደርሳል፤ አንዱን መምህር ሲጨርስ ወደ ሌላው የሚሄደውም በገዛ ውሳኔው ነው፤ የሚከፍለው ወይም የሚያስገድደው የለም። የትምህርቱ ሥርዓት ግን ጥብቅ ነው። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ልኩን፣ ዜማውንና ሰዋስውን ሳይስት እየተሻገረ ይሄዳል። ቀን ከሰው ተለይቶ ጫካ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ሲያምርለትም ያደንቃል። የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ነገ የሚጠበቅበት ሌላ አዲስ ቅኔ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የመምህሩ ሥልጣን ከፍተኛ፣ የቅርጹ ሕግ የማይነካ፣ የተማሪው ብቸኝነት ደግሞ የተጠበቀ ነው፤ ሦስቱ አብረው በየቀኑ አዲስ ነገር ያስወጣሉ። ለሆፍስቴድ መለኪያ ይህ ቦታ ሥልጣንን አብዝቶ የሚቀበል ተብሎ በአንድ አኃዝ ይታለፍ ነበር። ተማሪው ለቅኔው ዓላማ ባዕድ ባለመሆኑና መምህሩም ያንኑ ዓላማ የሚጋራ ባለሙያ በመሆኑ ቁጣውና እርማቱ ፈጠራን አያቀዘቅዙም። (ቅኔ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ መልካም ነው ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ረኃቡና በሽታው ያስቀራቸው ተማሪዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ሴቶችም ከጥቂቶች በቀር በሩ አልተከፈተላቸውም።)

በሥራ ፈጣሪነት በኩል ደግሞ ዕቁብ ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የመርካቶ ነጋዴ ወይም ሊስትሮ ገንዘቡን ብቻውን ማጠራቀም እያቃተው፣ ዳኛና ጸሐፊ ባለው ዕቁብ ሲገባ በየሳምንቱ ሳያጓድል ይጥላል፤ ዕጣ ሲደርሰውም ዋስ ጠርቶ የወሰደውን ገንዘብ ለሥራ መነሻ ያደርገዋል። ምዕራባዊው መጠይቅ ይህን ሰው በውጭ ግፊት የሚንቀሳቀስ ብሎ ይመድበው ይሆናል። ሰውዬው ግን ነገ እንደሚደክም ዛሬ ያወቀ፣ ለድካሙም በሚያከብራቸው ሰዎች አማካይነት አስቀድሞ ልጓም ያበጀ ነው፤ ራስን መምራት ከዚህ በላይ ምን እንደሚጠይቅ ማሰብ ያስቸግራል።

ጉዳዩ በፋብሪካ ውስጥ በግልጽ የተፈተነው በካሊፎርኒያዋ ፍሪሞንት ከተማ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን የመኪና መገጣጠሚያ በ1982 ሲዘጋ ከሥራ የሚቀሩት ሠራተኞች ቁጥር ከ20 በመቶ እያለፈ፣ አለቃና ሠራተኛ እንደ ጠላት ይተያዩ ነበር። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በሽርክና ኑሚ በሚባል ስም ያንኑ ፋብሪካ ሲከፍቱ ከቀጠሯቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግን የቀሪው ቁጥር ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ፣ የመኪናውም ጥራት ከጃፓኑ ፋብሪካ ጋር ተቀራረበ። የአሜሪካ ሠራተኛ ባህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ጃፓናዊ አልሆነም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ከባህል ይልቅ በአሠራሩ ውስጥ መፈለግ ይገባል።

ከአሠራሮቹ አንዱ ከመገጣጠሚያው መስመር በላይ የተዘረጋው ገመድ ነው። ሠራተኛው ጉድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፤ መብራት ይበራል፤ የቡድኑ መሪ ሮጦ ይመጣል፤ ችግሩ በተመደበው ርቀት ውስጥ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በቀድሞው ፋብሪካ መስመር ማቆም ለተራ ሠራተኛ የተከለከለ ነገር ነበር። የዚህ አሠራር ሥር ሩቅ ነው፤ የቶዮታ መሥራች ቤተሰብ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ የሠራው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆም ነበር፤ ከዚያም በፊት ኢሺዳ ባይጋን የተባለው የቀድሞ የንግድ ቤት ሠራተኛ በ1729 በኪዮቶ በነጻ ማስተማር ጀምሮ፣ ልብን መመርመርና በቅንነት ማትረፍ የማይጋጩ መሆናቸውን ለነጋዴዎች ይሰብክ ነበር።

ሁለተኛው አሠራር ፖል አድለር በ1993 የገለጸው ሲሆን ከገመዱ ይልቅ ያስደንቃል። ፍሬድሪክ ቴይለር ሳይንሳዊ የሥራ አመራር መርሆቹን በ1911 ካሳተመ ወዲህ በፋብሪካ ሠራተኛ ዘንድ ከሁሉ የተጠላው መሣሪያ ሰኮንድ የሚቆጥረው ሰዓት ነበር፤ መሐንዲሱ ከጀርባ ቆሞ የእጅ እንቅስቃሴን እየለካ ፍጥነቱን ይወስናልና። በኑሚ ሰዓቱ ለሠራተኞቹ ለራሳቸው ተሰጠ። የቡድኑ አባላት ተራ በተራ እየተለካኩ፣ ከሁሉ የሚሻለውን አሠራር ተወያይተው መርጠው፣ ለሌላው ፈረቃ ጽፈው ያስተላልፉ ነበር። ሥራው በአንድ ደቂቃ ገደማ ዑደት የሚደጋገም ሆኖ እንኳ የማሻሻያ ሐሳብ ከመስመሩ ላይ ይመነጭ ጀመር። የሥራውን «እንዴት» ሠራተኛው እንዲወስን ሲፈቀድለት ይህን ያህል ለውጥ መጣ፤ ምን ያህል መኪና ለምን ይመረታል የሚለው ግን እንደ ቀድሞው ከእጁ ውጭ ነበር።

ተቺዎቹ የያዙትም ይህንኑ ነው። ማይክ ፓርከርና ጄን ስሎተር በ1988 የዚህን ፋብሪካ አሠራር በውጥረት ማስተዳደር ብለው ነቀፉት፤ ሰዓቱን የያዘው እጅ ቢቀየርም በየጊዜው የምትቀነሰዋ ሰኮንድ የምትወጣው ከሠራተኛው ትንፋሽ ነው። ጄምስ ባርከርም በ1993 ራሳቸውን በሚያስተዳድሩ ቡድኖች ላይ ባደረገው ጥናት አለቃ ከተነሣ በኋላ አባላቱ ያወጧቸው ሕጎች ከአለቃው ሕግ ይልቅ የጠበቁ ሆነው እንዳገኛቸው ጽፏል፤ ባልደረባ የሚያመልጡት ዓይነት ተቆጣጣሪ አይደለም። በ2010 የወጣው የቢዩንግ ቹል ሃን ስለ ድካም ማኅበረሰብ የተጻፈ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን እስከ ግለሰቡ ውስጥ አዝልቆ፣ የዛሬው ሰው ራሱን ጌታና ባሪያ አድርጎ በፈቃዱ እየበዘበዘ እንደሚዝል ያስረዳል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያም የሩቅ አይደለም። በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች የተሞከረው ካይዘን የሚባለው የማያቋርጥ ማሻሻያ አሠራር በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት በየፋብሪካው የልማት ቡድኖች ተደራጅተዋል፤ ማጣራትንና ማጽዳትን ጨምሮ አምስቱ ማዎች ከሚባሉት የሥራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎች የመጨረሻው ደግሞ የተጀመረውን ሥርዓት ያለ ተቆጣጣሪ ማዝለቅ ነው። ማጣራቱና ማጽዳቱ በዘመቻ ሊሠራ ይችላል። ማዝለቁ ግን ሠራተኛው ሐሳቡ ሲሰማለትና ከውጤቱም ሲካፈል ካልሆነ በቀር አዝማሚያው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ወለል ይጠረጋል።

የጥንት ራስን የመግዛት ትምህርቶች ይህን አደጋ ያውቁት ነበር፤ ስለዚህም ራሱን የሚገዛውን ሰው ብቻውን አልተዉትም። መጻሕፍተ መነኮሳት በሚል ስም በኢትዮጵያ የሚጠኑት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተነሡበት የገዳማውያን ልማድ ጀማሪው ሐሳቡን ለአረጋዊ አባት እንዲገልጥ ያዛል፤ አባትየውም ጹም የሚለውን ያህል ብላ፣ ትጋ የሚለውን ያህል ተኛ ብሎ ያዛል፤ ልኩን ያለፈ ተጋድሎም እንደ ፈተና ይቆጠራል። አባ እንጦንስ በስልቸት በተጨነቀ ጊዜ የተገለጠለት ሰው የሚያሳየው ገመድ ሲጎነጉን ቆይቶ ለጸሎት የሚነሣ፣ ከጸሎት በኋላም ወደ ጉንጉኑ የሚመለስ ሆኖ ነው፤ በሥራ መካከል ማቆሚያ አለ። ሰንበትም እንዲሁ ነው። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ቀዳሚት ከእሑድ ጋር እንድትከበር የተወሰነላት ዕረፍት ለሎሌውና ለከብቱም የተሰጠች ናት፤ ትጉሁ ሰው ሊያጥፋት ቢፈልግ በእጁ አይደለችም።

የዛሬው ራሱን የሚመራ ሠራተኛ ይህ ማቆሚያ የለውም ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ሲወስን፣ የሥራ መሪዎችን እንዲሁም በራሳቸው የንግድ ሥራ ወይም በራሳቸው የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈላቸው የሚሠሩ ሰዎችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓል። ሕጉ እንዲህ ያደረገው ራሱን የሚያዝ ሰው ራሱን አይበድልም ብሎ በማሰብ ይመስላል፤ ትእዛዝ ተቀባይ ለተባለው ሰዓት ሲቆጠርለት፣ ዓላማውን ሳይመርጥ ራስህን ምራ ለተባለው የሚቆጥርለት የለም።